ደሴ ፒያሳ ላይ ያገለገለ አምፕሊፋየር ለምትፈልጉ

ካርቶን ላይ የተለጠፈውን ዋት እያያችሁ ስፒከር አትግዙ። ፊቱ ላይ "1200 ዋት" የሚለውን ገልብጬ ጀርባውን ሳየው ከሶኬት የሚስበው 60 ዋት ነው። ታዲያ 1200ውን ከየት ያመጣዋል? ፒኤምፒኦ የሚሉት፣ ለቅጽበት ብቻ ይደርስበታል የተባለ ቁጥር ለማሻሻጫ ነው፣ የሚታመነው አርኤምኤስ የሚለው፣ ሳያቋርጥ የሚችለው ዋት ነው። እሱንም ቢሆን ብቻውን አትዩት። ሴንሲቲቪቲው (በአንድ ዋት የሚያወጣው የድምፅ መጠን) 90 ዴሲቤል የሆነ ስፒከር፣ 87 ከሆነው እኩል ለመጮህ የዋቱ ግማሽ ይበቃዋል።

ወደ ሱቁ ልምጣ። ፒያሳ ያገለገለ ኤሌክትሮኒክስ ከሚሸጡት አንዱ ነው፣ ስሙን ልተወው። ጠባብ ነው፣ አቧራውም አይጣል ነው። የወደድኩት ግን ማስደመጡን ነው። ሌላ ቦታ ቤዙን እስከ ጥግ ከፍተው ጆሯችሁን ያደነቁሩትና "ሰማህ አይደል?" ይሏችኋል። ይኼኛው ፍላሼን ተቀብሎ ሰካና "አብሽር፣ እስኪበቃህ ስማ" ብሎኝ ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ።

ፍላሼ ላይ የነበረው በማሲንቆ ብቻ የታጀበ አምባሰል ነው። ሆን ብዬ ነው የያዝኩት። ቤዝ የበዛበት ዘፈን የማይረባውንም ስፒከር ጥሩ ያስመስለዋል፣ ማሲንቆ ግን አይሸፍንለትም፤ ጭራው ከጭራው ሲፋተግ የሚያወጣው ያ ሻካራ ድምፅ ካልተሰማችሁ፣ ዘፋኙ ትንፋሽ ሲስብ ካልተሰማችሁ፣ የድምፁ መሃል ጠፍቷል ማለት ነው። መጀመሪያ የሰማሁት ረጅሙ ባለ ብልጭልጭ መብራት ስፒከር ማሲንቆውን ክላርኔት አስመሰለው። ቀጥሎ ሁለት ትንንሽ የእንጨት ስፒከሮች ከአንድ የጃፓን አምፕሊፋየር ጋር አገናኘልኝ። ጭራው ተሰማ። በቃ፣ እሱን ወሰድኩ።

አምፕሊፋየሩ ጀርባ ላይ 100 ቮልት ይላል፣ ለጃፓን ገበያ የተሠራ ነዋ። የኛ መብራት 220 ነው፤ በቀጥታ ከሰካችሁት አበቃለት። ባለሱቁ ሳልጠይቀው ነገረኝ፣ 220ውን ወደ 100 የሚያወርደውን ትራንስፎርመር ግን ለብቻው አስከፈለኝ። ትራንስፎርመር ስትመርጡ አምፕሊፋየሩ ከሚስበው ዋት በላይ የሚችል ይሁን፣ ልክ በልኩ ከሆነ ይግላል።

ቅሬታም አለኝ። የድምፅ መጨመሪያው ሲዞር ይንኮሻኮሽ ነበር። "ሲሞቅ ይተወዋል" አለኝ፣ አልተወውም። መልሼ ስወስድለት ከፍቶ አጸዳልኝ፣ አቧራ ነው። እውነቱን ለመናገር ሳንቲም አልጠየቀኝም። ዋስትና ብሎ የተጻፈ ነገር ግን የለም፣ ደረሰኝም በልመና ነው። የሰጠኝ የስፒከር ገመድ ቀጭን ስለሆነ ሌላ ገዛሁ። በነገራችን ላይ ገመዱን ስታስሩ ቀዩን ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር አድርጉ። አንዱ ስፒከር ላይ ብቻ ከተገለበጠ ቤዙ ይሳሳል፣ ዘፋኙም የት እንደቆመ ይጠፋችኋል። ጥግ ላይም አትለጥፏቸው፣ ቤዙ ይበዛና ሌላውን ይውጠዋል።

ዋጋውን አልጽፍም፣ እስክታነቡት ይቀየራል። ብቻ ተከራከሩ፣ ይቀንሳል። ከኮምቦልቻ የምትመጡ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ጠዋት ውጡና ሱቁ እንደተከፈተ ድረሱ። ከሰዓት የባጃጁ ጥሩምባና የጎረቤት ሱቅ ሙዚቃ ይቀላቀልና ዕቃውን በቅጡ አትሰሙትም።