ከትልቅ ቤት የወጣ ወንበር፦ ሉዊ 15ኛ ወይስ ሉዊ 16ኛ?

የፈረንሳይ መኳንንት ቤቶች ዕቃ ለሽያጭ ሲወጣ የመመገቢያ ወንበሮቹ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ንጉሦች ስም ይጠራሉ። ለመለየት እግራቸውን ማየት ይበቃል። የሉዊ 15ኛው እንደ ፍየል እግር ጎበጥ ብሎ ይወርዳል፤ አበባና ቅጠልም ተቀርጾበታል። የሉዊ 16ኛው ቀጥ ያለ ነው። ወደ ታች እየቀጠነ ይሄዳል፣ እንደ ሮማ ዓምድም ቦይ ቦይ አለው። መደገፊያው ሞላላ ወይም አራት ማዕዘን ነው።

በውበት ከሆነ ለእኔ ሉዊ 15ኛ ይበልጣል። ሊበሉበት ከሆነ ግን ሌላ ነው። ጎባጣው እግር የሚወጣው ከቀጥ ያለ እንጨት ተፈልፍሎ ስለሆነ ቁርጭምጭሚቱ ጋ የእንጨቱ የተፈጥሮ መስመር (ጭረቱ) ይቆረጣል። የሚሰበረውም እዚያ ነው። ከበላ በኋላ ወንበሩን ወደ ኋላ የሚያወዛውዝ እንግዳ ካለዎት ይተዉት! የሉዊ 16ኛው እግር ጭረቱን ተከትሎ ስለሚወርድ ክብደት ይችላል። ድካሙ እግሩ ከመቀመጫው የሚገናኝበት ቦታ ላይ ነው። ሳይገዙ በፊት ነቅነቅ ያድርጉት።

ዋጋውን የሚወስነው ግን ዕድሜው ነው። ሉዊ 16ኛ የነገሠው ከ1774 እስከ 1792 እ.ኤ.አ. ነው፤ በስሙ የሚሸጠው ወንበር ግን ብዙውን ጊዜ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። የፈረንሳይ ንጉሠ ነገሥት የናፖሊዮን 3ኛ ሚስት እቴጌ ኡጄኒ የሉዊ 16ኛን ሚስት የማሪ አንቷኔትን ዘመን ስትወድ ፋሽኑ ተመለሰ። ሻጩ ዕድሜውን በትክክል ከነገረዎት ይህ ማጭበርበር አይደለም። እንዲያውም የአንድ ገበታ 12 ወንበሮች ሳይጎድሉ የሚገኙት ብዙውን ጊዜ እነዚህ ናቸው።

ወንበሩን ገልብጡት። የእጅ መሣሪያ ያልተስተካከለ ምልክት ይተዋል፤ የማሽን ክብ መጋዝ ደግሞ ቅስት ቅስት የሆነ ጭረት፤ ይህኛው የኋላ ዘመን ሥራ መሆኑን ይጠቁማል። ትንንሽ ቀዳዳ አይታችሁ አዲስ ዱቄት ከረገፈ ነቀዙ አሁንም አለ። የፓሪስ ዋና አናጺዎች ስማቸውን እንጨቱ ላይ በማኅተም ይመቱ ነበር፤ ማኅተምም ይኮረጃል። በ2016 እ.ኤ.አ. የቬርሳይ ቤተ መንግሥት ራሱ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ብሎ የገዛቸው ወንበሮች አስመስለው የተሠሩ መሆናቸው ታወቀ። የሉዊ 15ኛ ውሽማ የማዳም ዱ ባሪ ናቸው የተባሉም ነበሩባቸው። እነሱ ከተሸወዱ እኛማ!

ስለ መቀመጫው ብዙ አልጨነቅም። ጨርቅ ወጥና ሽታ ይይዛል። ራታን በተባለ ሐረግ መሰል ተክል ልጥ የተሸመነው ይጠረጋል፣ ሲያረጅም በአዲስ ይሸመናል።

እኔ ብሆን የ19ኛውን ክፍለ ዘመን ሉዊ 16ኛ ከነራታኑ እወስዳለሁ፤ 12ቱንም አንድ በአንድ ከነቀነቅሁ በኋላ።