ኤክስካቫተር ተልኮልኝ ቡና ወቀጥኩበት፦ ዘጠኝ ወር ከአንድ የሌጎ ኮፒ ጋር

ወንድሜ ሻርጃ ነው የሚኖረው። መስከረም ላይ ሲመጣ ለልጄ ብሎ አንድ ትልቅ ካርቶን ይዞ መጣ። ላዩ ላይ ቢጫ ኤክስካቫተር አለ፣ ጥግ ላይ ደግሞ 1,068 ቁራጭ ይላል። ሌጎ፣ ያ ታዋቂው የፕላስቲክ መገጣጠሚያ መጫወቻ፣ አይደለም። ከሌጎ ጋር የሚገጥም ኮፒ ነው፣ ስሙን እዚህ መጻፍ አያስፈልግም። ዋጋውን ስጠይቀው "የስጦታ ዋጋ አይጠየቅም" አለኝ። በኋላ ሳደርቀው ወደ 200 ድርሃም ገደማ እንደሆነ አመነ።

ልጄ ስምንት ዓመቷ ነው። ኤክስካቫተሩን አብረን በአራት ማታ ጨረስነው። ለአንድ ሳምንት ምንጣፉ ላይ ተመላለሰ፣ ከዚያ ቁም ሳጥን ላይ ወጥቶ አቧራ መጠጣት ጀመረ። ነገሩ እዚያው ቢቀር ኖሮ "ጥሩ ነው፣ ትንሽ ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይሸታል" ብዬ እተወው ነበር። ኅዳር ላይ ግን አፍርሰነው የራሳችንን የሚንቀሳቀስ ነገር እንሥራ አልን። ስለዚህ የምጽፈው ስለ ኤክስካቫተሩ ሳይሆን ስለ ቁራጮቹ ነው፤ ማለትም ሲፈርሱ፣ ሲገጣጠሙ፣ እንደገና ሲፈርሱ ዘጠኝ ወር ምን እንደሆኑ።

ለማያውቅ ሰው፣ ይህ ልጆች የሚደራርቡት ጡብ አይደለም። የዴንማርኩ ሌጎ በ1977 እ.ኤ.አ. የጀመረው፣ በኋላ ቴክኒክ የተባለው ዓይነት ነው። ባለቀዳዳ ዘንግ፣ ዘንጎቹን የሚያያይዝ ፒን፣ አናቱ የመስቀል ቅርጽ ያለው የሚዞር አክስል፣ ማርሽ። ከአንዱ ቀዳዳ መሃል እስከ ቀጣዩ 8 ሚሊ ሜትር ነው፤ ኮፒዎቹም በዚሁ ልክ ስለሚሠሩ ይገጥማሉ። ሕገወጥ ነው ወይ ለሚል፣ የሌጎ ጡብ ፓተንት የተመዘገበው በ1958 ነው፣ ጊዜው ካለፈ ቆይቷል። የራሳቸውን ስም ለጥፈው እስከሸጡ ድረስ መሠረታዊውን ጡብ ማንም መሥራት ይችላል።

ምን እንሥራ ስንባባል ልጄ "ቡና የሚወቅጥ" አለች። እናቴ ቤት ሙቀጫና ዘነዘና አይታ ነው የመጣችው። እኔ ደግሞ ቀላል መስሎኝ እሺ አልኩ። ሞተር አለ፣ ዘነዘናው ይነሳል፣ ይወድቃል፣ አለቀ።

አላለቀም። መጀመሪያ ሞተሩን በቀጥታ ከሚያነሳው ክንድ ጋር አገናኘሁት። ዘነዘናው አልወቀጠም፣ ተንቀጠቀጠ። ሞተሩን በስልክ ቀርጬ፣ ቪዲዮውን አዝግሜ ብቆጥር ባዶውን በደቂቃ 400 ገደማ ይዞራል። ማንም ሴት በደቂቃ 400 ጊዜ ቡና አትወቅጥም። ማርሽ ማስገባት ግድ ሆነ፦ ባለ 8 ጥርሱ ባለ 24ቱን ሲነዳ ፍጥነቱ በሦስት ይቀንሳል፣ በዚያው አክስል ላይ ሌላ ባለ 8 ጥርስ አድርጌ ባለ 40ውን ስነዳ ደግሞ በአምስት። ሦስት በአምስት ሲባዛ 15 እጥፍ። 400ን ለ15 ስታካፍለው 27 ገደማ ነው፣ ይሄ የሰው ፍጥነት ነው። ፍጥነቱ ሲቀንስ ጉልበቱ ይጨምራል፣ ይህን ደግሞ መኪና የነዳ ሁሉ ያውቀዋል፤ ዳገት ላይ አንደኛ ማርሽ የምናስገባው ለዚሁ ነው።

ጉልበቱ ሲጨምር ያልጠበቅኩት ነገር መጣ። ማሽኑ ራሱን ማፍረስ ጀመረ። ሞተሩ ይገፋል፣ ዘንጎቹ ይለጠጣሉ፣ ሁለቱ ማርሾች ይራራቃሉ፣ ከዚያ "ቀጭ!" ጥርስ ዘለለ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጥፋቱ የሞተሩ ነው ብዬ ስረግመው ነበር። የሞተሩ አልነበረም። የኔ ቤት ምሰሶ አልነበረውም።

መፍትሔውን ያገኘሁት ሰፈራችን ውስጥ አጥር ከሚሠራ ግንበኛ ነው ብል አትመኑኝም። ሲባጎ ዘርግቶ፣ በአንዱ 60 ሴንቲ፣ በሌላው 80 ሴንቲ ለክቶ ምልክት አደረገና በሁለቱ ምልክቶች መሃል 100 ሴንቲ እስኪሞላ ሲባጎውን አሽከረከረው። ስኳድራ ሳይነካ ማዕዘኑ ቀጥ አለ። 3፣ 4፣ 5 ማለት ነው። ቤት ገብቼ በቀዳዳ ቆጠርኩት፦ ከጥጉ ቀዳዳ ተነስቼ በቁመቱ 3 ቀዳዳ፣ በወርዱ 4 ቀዳዳ ሄጄ፣ ሁለቱን በአግድም ዘንግ ባገናኝ ልክ 5 ነው የሚመጣው፣ ፒኑ ሳይገፋ ሳይጎተት ይገባል። (ጥጉ ራሱ አይቆጠርም። እኔ ቆጥሬው አንድ ማታ ሙሉ ተበሳጭቻለሁ።) በሁለቱም ጎን እንዲህ ዓይነት አግድም ካሰርኩ በኋላ ማርሾቹ አንድ ጊዜ እንኳ አልዘለሉም።

ከዚያ ምቱ መጣ። እናቴ ቤት ሁለት ሰው ሲወቅጥ በየተራ ነው፣ አንዷ ስታነሳ ሌላዋ ትጥላለች። እኔም ሁለት ዘነዘና ሠራሁ። ሁለቱም የሚነሱት በአንድ አክስል ላይ በተሰኩ ሁለት ክንዶች ነው፣ ክንዱ ዘነዘናው ላይ የወጣችውን ፒን ከታች ያነሳና ሲያልፋት ይለቃታል። አስነሳሁት፦ ዱም-ዱም... ዱም-ዱም... እናቴ ትንሽ አየችውና "አንደኛዋ ደክሟታል እንዴ?" አለች። እውነቷን ነው። አክስሉ መስቀል ስለሆነ ክንዶቹን በ90 ዲግሪ ልዩነት ነበር የሰካኋቸው። አንዷን ነቅዬ፣ ዞር አድርጌ ፊት ለፊት ሳደርጋቸው፣ 180 ማለት ነው፣ ዱም፣ ዱም፣ ዱም፣ ዱም። ልጄ ጨፈረች። እናቴ ደግሞ "ይኼ ይሻላል" ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፣ ከእሷ ይሄ ትልቅ ምስጋና ነው።

ፕላስቲክ ቀላል ስለሆነ ዘነዘናው ሲወድቅ እንደ ላባ ነበር። እያንዳንዱ ላይ አንድ አንድ የብረት ዳዶ በፕላስተር አሰርኩበት። ይህን የሌጎ ጥንቁቅ ሰዎች አይወዱትም፣ "ንጹሕ አይደለም" ይላሉ። ድምፁ ግን ከዳዶው በኋላ ነው ድምፅ የሆነው።

አሁን ወደ ዕቃው። ከሁሉ ቀድመው የደከሙት ጥቁር ፒኖቹ ናቸው። ፒን ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ጠበቅ ብሎ የሚይዝ፣ አንዱ ልቅ ሆኖ የሚዞር። ጥቁሮቹ እንዲይዙ ነው የሚፈለገው። እስከ ጥር ድረስ ያዙ። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ የገቡና የወጡት ላሉ፣ አንዳንዶቹ ጭራሽ ከንፈራቸው ነጣና ተሰነጠቀ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከአሜሪካ የመጣ የልጁን አሮጌ ኦሪጅናል ሌጎ ፒን ሃያ ያህል ሰጠኝ። እነሱ ልጁ ኮሌጅ ከገባ በኋላም "ጠቅ" ብለው ነው የሚገቡት። ልዩነቱ በእጅ ይታወቃል፤ የኮፒው አንዱ ይጠብቃል፣ ቀጣዩ ይላላል፣ የኦሪጅናሉ ሁሉም አንድ ናቸው።

አክስሎቹ ሌላ ጣጣ ናቸው። አጫጭሮቹ ደህና ናቸው። ረጃጅሞቹ ግን ሲጫናቸው እንደ ገመድ ይጠመዘዛሉ። የ12 ቀዳዳ ርዝመት ያለው አክስሌ አሁን ቀጥ አድርጌ ሳየው ከጫፍ እስከ ጫፍ ትንሽ ተጠምዝዟል፣ አልተመለሰም። ስለዚህ አሁን ኃይል የሚያልፍበትን አክስል ሁሉ አጭር አደርጋለሁ፣ በየሁለት በየሦስት ቀዳዳውም በዘንግ እደግፈዋለሁ። ከትንንሾቹ ማርሾች ሁለቱ ደግሞ ሲመጡም ጥርሳቸው ላይ ትርፍ ፕላስቲክ ነበረባቸው። በምላጭ ፋቅኩት፣ ተስተካከለ።

ያስገረመኝ ሞተሩ ነው። ርካሽ ስለሆነ ቀድሞ የሚሞት መስሎኝ ነበር፣ እስካሁን አንድም ቀን አላስቸገረም። የድንጋይ ሳጥኑ ነው ያስቸገረው። ማብሪያው የካቲት ላይ ልል ብሎ ካልተጫኑት አይሠራም፣ የወረቀት እጥፋት ሸጉጬበት ነው የሚኖረው። ስድስት ድንጋይ ይበላል። ከሱቅ የሚገዛው ርካሹ ድንጋይ ሁለት ማታ አይቆይም፣ ስለዚህ የሚሞላ ገዛሁ። የሚሞላው አንዱ 1.2 ቮልት ነው፣ የተለመደው 1.5፤ ስድስቱ ሲደመሩ ከ9 ወደ 7.2 ይወርዳል፣ ሞተሩም ይዘገያል። ለመኪና ለሚሠራ ሰው ያናድዳል። ለኔ ቡና ወቃጮች ተስማምቷቸዋል።

መመሪያው መጽሐፍ ላይ ጥቁርና ጥቁር ግራጫ አይለይም፣ በቀን ብርሃን ካልሆነ አትሞክሩት። ሦስት ፒን ጎድሎ ነበር። ሌላው ሙሉ ነው።

ስቱዲዮ የሚባል ነጻ ሶፍትዌር አለ፣ ብሪክሊንክ የሚባለው የጡብ ገበያ ያወጣው፤ ብሪክሊንክን ደግሞ ሌጎ በ2019 ገዝቶታል። ላፕቶፕ ላይ ቁራጭ እየጎተትክ ትገጣጥማለህ። ቁራጭ እንዳያንስህ ቀድሞ ለመቁጠር ግሩም ነው፣ እኔም ሁለተኛውን ሞዴል በሱ ነው የጀመርኩት። ግን እዚያ ላይ ዘንግ ሲለጠጥ፣ ሞተር ሲታገል አታይም፣ ሁሉም እንደ ሐር ነው። እኔ አሁን ማርሹና ክንዱ ያሉበትን ክፍል መጀመሪያ በእጄ እሠራለሁ፣ ሞተሩን አውጥቼ በጣቴ እያዞርኩ። ጣት የሚከብደውን ሞተርም ይከብደዋል። ከዚያ ነው ኮምፒውተር ላይ የምጽፈው።

ደግሜ እገዛዋለሁ ወይ? ይህንኑ ካርቶን አልገዛም። 1,068 ቁራጭ ይላል እንጂ ወደ 300 የሚጠጋው ፒን ነው፣ ሌላው ደግሞ የኤክስካቫተሩ ቢጫ ልብስ ነው፣ ለራስህ ዲዛይን የማይረባ ቅርጽ። እኔ የነካኋቸው ከ200 አይበልጡም። ቁራጩ ያነሰ፣ ማርሹ የበዛ፣ ሞተር ያለው ካገኘሁ እሱን እወስዳለሁ፣ ፒንና አክስሉን ግን ኦሪጅናል አደርጋለሁ፣ ተለይቶም ይሸጣል። ልጅህ አንዴ ገጣጥማ መደርደሪያ ላይ እንድታስቀምጠው ብቻ ከሆነ ግን ኮፒው ይበቃል፣ ገንዘብህን አታባክን።

ባለፈው እሑድ እናቴ "ለመሆኑ የእውነት ይወቅጣል?" አለችኝ። የውሃ ጠርሙስ ክዳን እንደ ሙቀጫ አደረግንና ሦስት የተቆላ ፍሬ ጨመርን። ሁለቱ በመጀመሪያው ምት ፈናጥረው ሶፋ ሥር ገቡ። ሦስተኛዋን ልጄ በጣቷ ጫፍ ይዛ፣ ዘነዘናው ሲመጣ እየሳቀች እጇን እየሰበሰበች፣ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ለሁለት ተሰነጠቀች። እናቴ ሁለቱን ግማሾች አንስታ አሸተተቻቸውና እሳቱ ላይ ጀበናዋን ለመጣድ ተነሳች፣ የራሷን ቡና ወቅጣ ጨርሳ ነበር።