ሰላም ሳይሉ ያለፉኝን ሴት ላመስግን

ይህን የምጽፈው ሲያትልና ዙሪያዋ ላላችሁ ወገኖቼ ነው። በተለይ አዲስ ለገባችሁ። በተለይ ደግሞ «እኔ ምን ሆንኩና» እያላችሁ ከሥራ መልስ መኪና ውስጥ ብቻችሁን ለምትቀመጡ ወንዶች።

አንዲት የሥነ ልቦና አማካሪ አሉ። ሀበሻ ናቸው፣ አማርኛቸው ጥርት ያለ ነው። ስማቸውን እዚህ አላወጣም፣ እሳቸውም አደባባይ ላይ መጠራት አይወዱም። የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝና የሚሠሩበትን ክሊኒክ ስልክ እሰጠዋለሁ። ለምን እንደማመሰግናቸው ግን እዚሁ ልናገር። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ሀገር ቤት መምህር ነበርኩ። ደሴ፣ ሁለተኛ ደረጃ፣ ኬሚስትሪ። ዲቪ ደረሰንና ከባለቤቴና ከልጃችን ጋር መጣን። ስንወጣ ሰፈሩ ሁሉ መርቆ ሸኘን። እዚህ ስደርስ ኤርፖርት የሌሊት ሥራ ገባሁ። ሥራ ሥራ ነው፣ አላማርርም። የከበደኝ ሌላው ነገር ነው። ስሜን በትክክል የሚጠራ የለም። ጎረቤቴን አላውቀውም። ስታመም የሚጠይቀኝ፣ ስዘገይ የት ቀረ የሚለኝ ሰው ከባለቤቴ በቀር አልነበረም።

ደግሞ ጨለማው! የደሴ ልጅ ብርድና ጭጋግ አይፈራም፣ ጦሳ ሥር ነው ያደግነው። የሲያትል ክረምት ግን ሌላ ነው። ታኅሣሥ ላይ ፀሐይ የምትወጣው በእኛ ሰዓት ወደ ጠዋቱ 2 ሰዓት ግድም ነው። ከቀኑ 10 ሰዓት ከ20 ሲሆን ጠልቃለች። እሷም ብትሆን ከደመና ኋላ ናት። ሌሊት ሠርቶ ቀን ለሚተኛ ሰው ጭራሽ የለችም ማለት ይቻላል።

እንግዲህ ቀስ በቀስ ነው የመጣው። መጀመሪያ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ከዚያ ምግብ። ከዚያ ልቤ ያለምክንያት ድው ድው ማለት ጀመረች። ልጄ እርሳስ ሲጥል እንኳ እጮህበት ነበር። እናቴ ትደውላለች፣ እዚህ ማታ 3 ሰዓት ሲሆን እሷ ዘንድ ጠዋት 2 ሰዓት ነው። ቡና አፍልታ፣ ጎረቤት ሰብስባ፣ «ልጄ እንዴት ነህ?» ትለኛለች። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጣም ደህና ነኝ» እላለሁ። ስልኩን ዘግቼ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቅሳለሁ። ውሃውን ከፍቼ፣ እንዳይሰማ።

እርዳታ አልፈለግሁም እንዳትሉኝ። ፈልጌያለሁ። ያየሁትንም ልናገር፣ ስም ግን አልጠራም።

አንዱ ቦታ ሐኪሙ ፊቴን ሳያይ ወረቀት ሰጠኝ። ከዜሮ እስከ ሦስት ምልክት አድርግ ተባልኩ። ደመሩት፣ መድኃኒት ታዘዘልኝ፣ አለቀ። መድኃኒት መጥፎ ነው አላልኩም፣ ብዙ ሰው ጠቅሞታል። ግን ሰውየው «ከየት መጣህ?» እንኳ አላለኝም። ሌላው ቦታ ወረፋው መቼ እንደሚደርስ የሚነግረኝ ጠፋ። በደወልኩ ቁጥር ሙዚቃ።

የባሰው የስልክ አስተርጓሚው ነው። ሐኪሟ ጥሩ ነበረች፣ ልናገር አፌን ከፈትኩ። ሰውየው በመሃል ገብቶ በአማርኛ «አነጋገርህ የወሎ ነው፣ የት አካባቢ ነህ? የትኛው ቤተክርስቲያን ነው የምትሄደው?» አለኝ። እዚያው አፌ ተለጎመ። «ራሴን ያመኛል» ብዬ ወጣሁ። እስቲ አስቡት፣ ማንም ያልሰማውን ገበናችሁን ልትናገሩ ስትሉ በስልኩ ውስጥ ያለው ሰው የማን ልጅ እንደሆናችሁ ሊያጣራ ሲነሳ! እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል። በኋላ እንደተረዳሁት አስተርጓሚ እንዲቀየርልህ መጠየቅ ትችላለህ። ያኔ ማን ነግሮኝ።

የራሳችን ሰዎችም አሉበት። የማከብራቸው አንድ ሰው ዘንድ ሄጄ ጥቂት ብናገር «ስንቱ በበረሃ በባሕር ያልቃል፣ አንተ ግሪን ካርድ ይዘህ ትጨነቃለህ? አመስግን እንጂ!» አሉኝ። አመሰገንኩ፣ ሌሊቱን ግን አልተኛሁም። በእኛ ሀገር የአእምሮ ሕክምና ሲባል ሰው የሚያስበው አማኑኤል ሆስፒታልን ብቻ ነው። ሰው ሲሰድብ እንኳ «ከአማኑኤል ያመለጠ» ይላል። እኔም የምፈራው ሕመሙን ሳይሆን ወሬውን ነበር። የሲያትል ሀበሻ ደግሞ ተዋውቆ ያለቀ ነው። ሬይንየር ላይ ያስነጠሰ ሰው ኬንት ድረስ ይማርህ ይባላል።

እኚህን ሴት የጠቆመኝ ሀበሻ አይደለም። አብሮኝ የሚሠራ ሶማሌ ነው። እሱ የሚታከምበት ክሊኒክ ውስጥ አማርኛ የሚናገሩ አማካሪ እንዳሉ ሰምቶ ቁጥሩን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ኪሴ ከተተልኝ። ምንም አልጠየቀኝም። ወንድሜ፣ አላህ ይስጥህ።

የመጀመሪያው ቀን እጄ እያላበው ገባሁ። በሩን ዘጉ። ሀገር ቤት ምን እንደምሠራ ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የሚጠሩኝ «መምህር» እያሉ ነው። ይህ ቃል ለስንት ጊዜ ጆሮዬ እንዳልገባ ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ከዚያ፣ ገና ምንም ሳልናገር፣ እንዲህ አሉኝ፦

«መምህር፣ እዚህ የሚነገረው እዚህ ይቀራል። ለባለቤትዎም፣ ለመሥሪያ ቤትዎም፣ ለንስሐ አባትዎም አልናገርም። ራስዎን ወይም ሌላ ሰው ሊጎዱ ከሆነ፣ ሕፃን እየተጎዳ ከሆነ ግን ሕጉ ዝም እንድል አይፈቅድልኝም። ይህንን አስቀድመው ይወቁ። ደግሞ ሌላ ነገር። ከተማችን ትንሽ ናት፣ አንድ ቦታ መገናኘታችን አይቀርም። እኔ ቀድሜ ሰላም አልልዎትም። ኩርፊያ እንዳይመስልዎ። እርስዎ ሰላም ካሉኝ በደስታ እመልሳለሁ፣ ካላሉኝ አንተዋወቅም።»

በሆዴ «እስቲ እናያለን» አልኩ። ሰላምታ የእግዜር ነው እየተባልን ያደግን ሰዎች ነን። ሀበሻ ሆኖ የሚያውቀውን ሰው አይቶ ዝም የሚል ማን አለ?

ብዙም ሳይቆይ ደረሰ። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሀበሻ ሱቅ። እንጀራው ገና ከመኪና እየወረደ ነው፣ ሰው ተሰልፏል። ባለቤቴ አጠገቤ ናት። ሌላው ጎኔ ደግሞ ቤተክርስቲያን የምንተዋወቀው አንድ ሰው ቆሟል። ደግ ሰው ነው፣ ግን ሁለት ሰው ሲጨባበጥ ካየ «ከየት ትተዋወቃላችሁ?» ሳይል አያልፍም። በሩ ተከፈተና እሳቸው ገቡ።

ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ደርቄ ቀረሁ። እሳቸው ፊታቸው ላይ አንዲት ነገር አልተንቀሳቀሰችም። ልክ እንደማንኛውም ሰው አዩኝና ዓይናቸውን ወደ መደርደሪያው መለሱ። የሽሮ ላስቲክ አነሱ፣ ገለበጡት፣ ዋጋውን አዩ፣ መልሰው አስቀመጡት፣ ሌላ አነሱ። በጎኔ አልፈው በርበሬው ጋ ሄዱ። ያ ሰው ስለ እንጀራው መወደድ እያወራ ነበር፣ ምንም አላየም። ባለቤቴም አላየችም።

ከዚያ በፊት ያቺን ክፍል የምገባት እየተጠራጠርኩ ነበር። ግማሹን ተናግሬ ግማሹን እውጠው ነበር። ከዚያች ቅዳሜ በኋላ ሁሉንም ተናገርኩ። የእናቴን ስልክ፣ የመታጠቢያ ቤቱን ለቅሶ፣ ማታ ማታ የሚመጣብኝን ክፉ ሐሳብ ሳይቀር። ስለ ሱቁ ሳነሳባቸው ሳቁና «እኔም ቀላል አልሆነልኝም፣ መምህር። እናቴ ብታየኝ ባለጌ ትለኝ ነበር» አሉ። እንደ እኛው ሀበሻ ናቸው፣ ሰላምታ መንሳት ያማቸዋል። ለእኔ ብለው ነሱኝ። ምስጋናዬ ሁሉ ለዚህ ነው።

ሕክምናው እንዴት እንደሚሠራ አትጠይቁኝ። ስሙን ነግረውኛል፣ አልያዝኩትም። የሚጻፍ ነገር አለ፣ የአተነፋፈስ ነገር አለ። ኬሚስትሪ ቢሆን አስረዳችሁ ነበር። የማውቀው ምን እንደተለወጠ ነው። ከሥራ ስወጣ በቀጥታ አልጋ ውስጥ መግባት ትቼ ብርሃን ሲኖር ሲዋርድ ፓርክ ሐይቁ ዳር ትንሽ እሄዳለሁ። እናቴ የምትደውልበት ቀን ተወስኗል። አንድ ቀን «እማዬ፣ ከብዶኛል» አልኳት። ሰማይ አልተደፋም። «አውቄ ነበር እኮ» አለችኝ። ልጄ ላይ መጮህ አቁሜያለሁ ብል ውሸት ነው፣ ግን ቀንሷል፣ ስጮህም ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።

አንድ ሌላ ነገር። ጸበሌን አልነኩብኝም። ሌላ ቦታ ጸበል ስል የዘበት ፈገግታ አይቻለሁ። እሳቸው «ጸሎትዎንም ይያዙ፣ እዚህም ይምጡ» ነው ያሉት። ሐኪም ያዘዘልኝን መድኃኒትም በራሴ እንዳላቋርጥ፣ ሐኪሙን እንዳነጋግር መክረውኛል። እውነት ለመናገር ሐኪም ሁሉ እንደ እሳቸው ቢሆን ስንት ሰው በዳነ።

ስለ ገንዘብ ለምትሰጉ፣ እኔም ሰግቼ ነበር። ክሊኒኩ የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያ ነው። እንዲህ ያሉት ጣቢያዎች ክፍያውን እንደ ገቢያችሁ ይቀንሳሉ። የደሞዝ ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። የእሳቸው ወረፋ ከሞላና ሌላ ቦታ ከሄዳችሁ ደግሞ ይህን እወቁ፦ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ ክሊኒክና ሆስፒታል በነፃ አስተርጓሚ ማቅረብ ግዴታው ነው። መሠረቱ የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ነው። ልመና አይደለም፣ መብት ነው። ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ፣ እባካችሁ። አስተርጓሚው የማን ልጅ ናችሁ ካላችሁም ይቀየርልኝ በሉ።

ሌሊት ክፉ ሐሳብ የመጣበት ሰው ቀጠሮ መጠበቅ የለበትም። 988 ይደውል። ከ2022 ጀምሮ በመላው አሜሪካ የሚሠራ ቁጥር ነው፣ ሌት ተቀን ሰው አለ። «አምሃሪክ» ብላችሁ ቋንቋችሁን ንገሯቸው፣ በአስተርጓሚ ያነጋግሯችኋል።

እሳቸው ጋ መሄድ የምትፈልጉ ግን እባካችሁ አትዘግዩ። ሂዱ። ጎበዝ ናቸው፣ ሰው ያከብራሉ፣ ምስጢር ይጠብቃሉ። ስትደውሉ ካላነሱ መልእክት ተዉ፣ መልሰው ይደውላሉ። እኔ ዘንድ ስትጽፉም ለምን እንደፈለጋችሁ አትንገሩኝ፣ «ቁጥር» ብቻ በሉኝ። ማክሰኞ እረፍቴ ነው። መኪና የሌለው ወይም መንገዱን የማያውቅ ካለ የመጀመሪያውን ቀን እኔ አደርሰዋለሁ። ውጭ መኪና ውስጥ እጠብቃለሁ፣ ሲወጣም ምን ተባለ አልለውም።