የስም ትርጉም አፑ፣ ብር ከፍዬበት

ሚስቴ ስምንተኛ ወሯ ሲገባ የሴት ልጅ ስም ትርጉም የሚያሳይ አፕ አወረድኩ፣ ነፃው በማስታወቂያ ስለሚያደነቁር ፕሪሚየሙን ገዛሁት። የዕብራይስጥና የግሪክ ስሞች ላይ በጣም አሪፍ ነው፣ ሶፊያ ጥበብ፣ አይሪን የኛው ሰላም፣ ዲቦራ ንብ፣ ማርጋሬት ደሞ ከግሪክ መጥቶ ሉል ማለት እንደሆነ ያወቅኩት እዚሁ ነው። እህቴን ራሄልን ግን ስምሽ በዕብራይስጥ ሴት በግ ማለት ነው ብዬ ሳነብላት ስልኩን ቀምታኝ "ውሸት ነው፣ አጥፋው!" አለች፣ እኛም ሳምንቱን ሙሉ በጊቱ እያልን አበሸቅናት ሃሃ።

ወደኛ ስም ስትመጡ ነው ጉዱ። ማህሌትን አረብኛ ብሎ ቁጭ! ኧረ ግዕዝ ነው፣ ዝማሬ ማለት ነው፣ ማንም ዲያቆን ይነግራችኋል። ትርሲትና ጫልቱ ጭራሽ የሉም። ፊደላችንን ስለማያነብ በላቲን መፃፍ ግድ ነው፣ ፀሐይን በስንት ዓይነት ስፔሊንግ ሞከርኳት መሰላችሁ። ሪፖርት አደረግኩ፣ እስካሁን መልስ የለም።

ለውጭ ስም 4 ኮከብ፣ ለኛ 1። እማዬ ስልኩን ገፋ አርጋ "ትርሲት በሏት፣ ጌጥ ማለት ነው" አለች፣ እሷ እንኳን በነፃ።