ኢ-መጽሐፍ ለምታዘጋጀው እህታችን ምስጋና፣ ለአዲስ ደራሲዎች ጥቆማ

እግዚአብሔር ይስጥልን። ሌላ የምጀምርበት ቃል የለኝም። 27 ምዕራፍ ያለው ልብ ወለድ ስምንት ወር ሙሉ ከቤት ወደ ቤት ሲንከራተት ከርሞ፣ በዚህች ልጅ እጅ በ12 ቀን ውስጥ ማንም በስልኩ ከፍቶ የሚያነበው መጽሐፍ ሆነ። ደራሲው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፣ የመጀመሪያ ሥራቸው ነው፤ እኔ አርታኢው ነኝ። ስሟን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለለመነችኝ አልጽፍም። ለጠየቀኝ ሁሉ ግን ስልኳን በውስጥ መስመር እልካለሁ። ልብ ወለዳችሁን በሶፍት ኮፒ ልታወጡ ያሰባችሁ፣ እባካችሁ ሌላ ቦታ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት እሷን አነጋግሩ።

ከእሷ በፊት ያየነውን የማነሳው ሌላ ሰው እንዳይቃጠል ነው። የመጀመሪያው ቤት ሙሉ ክፍያ ተቀብሎ «ኢፐብ ነው» (ለኢ-መጽሐፍ የሚሆነው የፋይል ዓይነት) ብሎ የሰጠን ፋይል ፒዲኤፍ ነበር፤ ከነጥቡ በኋላ ያለችውን ስም ብቻ ነው የቀየሩት። ትክክለኛ ኢፐብ እንደ ዚፕ የታሸገ ነው፣ ምዕራፎቹ በውስጡ ለየብቻ ይቀመጣሉ፣ አንባቢው ፊደሉን ሲያተልቅ መስመሩ ራሱ እየታጠፈ ይስተካከላል። ፒዲኤፍ ግን በወረቀቱ ልክ ቆርጦ የቀረ ነው፤ በስልክ ሲከፈት አንባቢው በሁለት ጣቱ እያሰፋ ግራና ቀኝ ሲጎትት ሦስተኛው ገጽ ላይ ትቶት ይወጣል። ስትረከቡ ፊደሉን አተልቁት። ጽሑፉ ከስክሪኑ ካመለጠ የተሰጣችሁ ኢፐብ አይደለም፤ ቀሪውን ክፍያ አትስጡ።

ሁለተኛው ቤት ፋይሉን በፕሮግራም ለውጦ ብቻ ነው የሰጠን፤ ከፍቶ ያየው ሰው የለም። ግማሹ ምዕራፍ ባዶ ሳጥን ነበር፣ ርዕሶቹ ደግሞ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል። መምህሩ ቅሬታቸውን ሲያቀርቡ «ስልክዎን ይቀይሩ» ተባሉ። ዕድሜያቸውን በሙሉ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው እንዲህ ተብለው ሲመለሱ ማየት ያማል። ሦስተኛው ደላላ ነበር። «አማዞን ላይ አወጣልዎታለሁ» ብሎ ቋንቋውን ሌላ አስመስሎ አስገባው፤ በሳምንቱ መጽሐፉ ወረደ። አካውንቱ የተከፈተው በደላላው ኢሜይል ስለነበር አቤት እንኳ ማለት አልተቻለም።

እሷ ዘንድ ስንሄድ ከዋጋ በፊት የጠየቀችው «በምን ፎንት ነው የተጻፈው?» ብላ ነው። የመጽሐፉ የመጀመሪያ አጋማሽ ከዓመታት በፊት በአንድ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት የተጻፈ ነበርና ችግሩን እዚያው አወቀችው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት ሁሉ የየራሳቸውን ቁጥር በሚሰጠው የኮምፒውተር ስምምነት ውስጥ፣ የገባው በ1999 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች፣ ከዚያም በኋላ ብዙ ጽሕፈት ቤቶች ሳይተዋቸው የቆዩት፣ የላቲን ፊደል ላይ የአማርኛ ቅርጽ የለጠፉ ናቸው። ፎንቱ ሲነሳ ቅርጹ አብሮ ይነሳል፤ ያ የላቲን ቋንቋ የሚመስለው ግርግር ከዚህ ነው የሚመጣው። ፊደላችን ብዙ ስለሆነ ደግሞ አንዳንዶቹ ለሁለት ፎንት ተከፍለዋል፤ መለወጫው ሁለተኛውን ካላወቀ «ቋ»፣ «ጓ»፣ «ኳ» የመሳሰሉት ይጠፋሉ ወይም ሌላ ፊደል ሆነው ይወጣሉ። ለውጣ አልተወችውም። የድሮውን ወረቀት በአንድ በኩል፣ አዲሱን ፋይል በሌላ በኩል አድርጋ ከመጀመሪያው እስከ 13ኛው ምዕራፍ ድረስ ፊደል በፊደል አመሳከረች።

ከዚያ በኋላ ያደረገችውን ነገር እኔ አርታኢው ራሴ አልፌዋለሁ። አራት ነጥቡ በብዙ ቦታ በላቲን ሁለት ኮለን የተሠራ ነበር፣ ከፊቱ ደግሞ ክፍት ቦታ አለው። ወረቀት ላይ ማንም ልብ አይለውም። ስልክ ላይ ግን መስመሩ እንደ ስክሪኑ ስፋት ስለሚታጠፍ ነጥቡ ብቻውን ወርዶ አዲስ መስመር ይጀምራል። ሁሉንም ወደ አንዱ «።» ለወጠች፣ ከፊቱ ያለውን ክፍት ቦታም አነሳች። ጽሑፉ ግራና ቀኝ እኩል እንዲሆን የተደረገውንም ወደ ግራ ብቻ መለሰችው፤ ምክንያቱም አማርኛ ቃል መስመር መጨረሻ ላይ በሰረዝ ስለማይከፈል፣ ጠባብ ስክሪን ላይ እኩል ለማድረግ ሲሞከር በቃላቱ መካከል እንደ ጥርስ ክፍተት ያለ ነጭ ቀዳዳ ይፈጠራል።

የዋና ገጸ ባህሪዋ ስም 212 ቦታ «ሠናይት»፣ 41 ቦታ ደግሞ «ሰናይት» ተብሎ ተጽፎ ኖሯል። ሌላ ሰው ቢሆን በአንድ ትእዛዝ ይቀይረው ነበር። እሷ ግን 41ዱን ቦታ ከነምዕራፉ በወረቀት ጽፋ «ጋሼ፣ የቱን ይፈልጋሉ? ሆን ብለው ከሆነ አልነካውም» ብላ ደወለች። ሆን ተብሎ አልነበረም። ግን መጠየቋ! በመጽሐፍ ላይ ሥልጣኑ የደራሲው መሆኑን የሚያውቅ ሰው ማግኘት እንዴት እንደሚያሳርፍ ደራሲ የሆነ ሁሉ ይገባዋል።

ፎንቱን ራሱን ፋይሉ ውስጥ አሸገችው። አዳዲስ ስልኮች የአማርኛ ፊደል ይዘው ነው የሚመጡት፤ የቆዩ ስልኮችና አንዳንድ የንባብ መሣሪያዎች ግን የላቸውም፣ ሳጥኑ የሚመጣው ያኔ ነው። የምትጠቀመው እንደ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ ያሉ በነፃ ፈቃድ የተለቀቁ ፎንቶችን ነው፤ ሌላውን ፎንት ያለ ፈቃድ አሽጎ መሸጥ የባለቤቱን መብት መንካት እንደሆነ ትናገራለች። ሥራውን ስትጨርስ የኢፐብን ስህተት በሚፈልግ ኢፐብቼክ በሚባል ፕሮግራም ፈተሸችው፣ ከዚያም መሳቢያዋ ውስጥ የምታስቀምጣትን ስክሪኗ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልክ አውጥታ 27ቱንም ምዕራፍ አንድ በአንድ ከፈተች። «አንባቢው የያዘው ይህን ነው እንጂ የእኔን ኮምፒውተር አይደለም» ነው ያለችው።

አሁን ከልቤ የማልረሳውን ልንገራችሁ። መምህሩ አማዞን ላይ መውጣቱን በጣም ይፈልጉ ነበር፣ ልጃቸው አሜሪካ ናት። ገንዘቡን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። እሷ ገንዘቡን መልሳ ወደ እሳቸው ገፋችና ስልኳን አዙራ አማዞን የሚቀበላቸውን ቋንቋዎች ዝርዝር ከላይ እስከ ታች ጣቷን እያስኬደች አሳየቻቸው። «ጋሼ፣ አማርኛ የለበትም። በሌላ ቋንቋ ስም ባስገባልዎት እንደገና ያወርዱታል፣ እርስዎም እንደገና ያዝናሉ። ይህን ሥራ አልቀበልዎትም።» ገንዘብ እያዩ እንዲህ የሚል ሰው ስንት አለ? ይህን በምጽፍበት ጊዜም ዝርዝሩ ውስጥ አማርኛ አልገባም። በእንግሊዝኛ ለሚጽፉ ግን አማዞን ላይ አስተካክላ ትሠራለች፣ አካውንቱንም በደራሲው በራሱ ስምና ኢሜይል ታስከፍታለች። ዋጋው ከ2.99 እስከ 9.99 ዶላር ከሆነ የደራሲው ድርሻ እስከ 70 በመቶ ይደርሳል፣ ከዚያ ውጪ 35 በመቶ ነው። ኬዲፒ ሰሌክት የሚባለውን፣ ኢ-መጽሐፉን ለአማዞን ብቻ የምትሰጡበትን ውል፣ ከመረጣችሁ ኢ-መጽሐፉን ለ90 ቀን ሌላ ቦታ መሸጥ አይፈቀድም። ኢትዮጵያና አሜሪካ የገቢ ግብር ስምምነት ስለሌላቸው አገር ቤት ከሚኖር ደራሲ የአሜሪካ ሽያጭ ድርሻ ላይ 30 በመቶ ይቆረጣል። ይህን ሁሉ ክፍያ ሳትቀበል ታስረዳለች።

አንባቢ በማግኘቱም በኩል ምክሯ ወርቅ ነው። መጽሐፉ እንደ ልማዳችን በመታሰቢያ፣ በምስጋናና በመቅድም 14 ገጽ ይጀምር ነበር። ሁሉንም ወደ መጨረሻ አዛወረችው። ነፃ ናሙና የሚወስድ አንባቢ መጀመሪያ የሚያገኘው ታሪኩን መሆን አለበት፤ የማያውቀውን ሰው ምስጋና አንብቦ መጽሐፍ የሚገዛ የለም። ቴሌግራም ላይ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ምዕራፎች በሳምንት አንድ፣ በአንድ ቀንና ሰዓት፣ በጽሑፍ እንጂ በፒዲኤፍ ሳይሆን እንዲለቀቁ መከረች፤ ከእያንዳንዱ ሥር የመግዣው ማስፈንጠሪያ ይገባል። የመጽሐፉ መግለጫ ሲጻፍ ርዕሱ በአማርኛም በላቲን ፊደልም መቀመጥ አለበት፣ ውጭ ያሉ ወገኖቻችን ብዙ ጊዜ የሚፈልጉት በላቲን ነው። ርዕሱ ውስጥ ሀ፣ ሐ፣ ኀ ወይም ሰ፣ ሠ ወይም ጸ፣ ፀ ካለ ሌሎቹንም አጻጻፎች በመፈለጊያ ቃልነት ታስገባለች። «ፀሐይ» ብላችሁ ጽፋችሁ «ጸሀይ» ብሎ የሚፈልግ አንባቢ ሳያገኛችሁ እንዳይቀር ነው።

ሽያጩን ለሁለት ከፈለችው፦ አገር ቤት ላሉት በብር በቴሌብር፣ ውጭ ላሉት በዶላር በካርድ። የቴሌብር ስክሪንሾት ልኮላችሁ ፋይል የሚጠይቅ ሲመጣ ፎቶውን አትመኑ፣ ፎቶ ይቀነባበራል፤ የግብይት ቁጥሩን ራሳችሁ ጋ ከገባው መልእክት ጋር አመሳክሩ። ለእያንዳንዱ ገዢ በሚላከው ቅጂ ውስጥ ስሙን በምዕራፎቹ መጨረሻ ታስገባለች። መስረቅ የፈለገን ሰው ፈጽሞ አያቆመውም፣ ግን ስሙ ያለበትን መጽሐፍ ሺህ ሰው ያለበት ቻናል ላይ የሚለጥፍ ጥቂት ነው። የወረቀት እትም ያላችሁ ደግሞ፣ የዚያ አይኤስቢኤን (የመጽሐፍ መለያ) ቁጥር ለኢፐቡ አያገለግልም፤ ለየእትሙ የየራሱ ቁጥር ያስፈልጋል።

እንግዲህ ደግሜ እላለሁ፣ ሂዱ፣ አትፍሩ፣ ይህች ልጅ አትበላችሁም። ግማሽ ክፍያ በመጀመሪያ፣ ግማሹን ፋይሉን በራሳችሁ ስልክ ከፍታችሁ ካያችሁ በኋላ ነው የምትቀበለው፤ ሲያልቅም ኢፐቡንም የተስተካከለውን የዎርድ ጽሑፍም ታስረክባለች። ስትሄዱ ዋናውን የዎርድ ፋይል፣ የተጻፈበትን ፎንት ስም፣ ካላችሁ የታተመ ቅጂ፣ እንዲሁም 1600 በ2560 ፒክሰል የሆነ የሽፋን ሥዕል ያዙ። ሽፋኑን መጀመሪያ በቴምብር መጠን አሳንሳ ነው የምታየው፣ ርዕሱ በዚያ መጠን ካልተነበበ ወደ ሠዓሊው ትመልሳችኋለች። ለእንቁጣጣሽ ማድረስ የምትፈልጉ ከሐምሌ በፊት ተነጋገሩ፤ ነሐሴ ላይ ሥራ ይበዛባታል። ፒዲኤፍ ብቻ ይዛችሁ እንዳትሄዱ፣ ዎርዱን ከጻፈላችሁ ቤት ዛሬውኑ ጠይቃችሁ ተቀበሉ።