ካሴት ወይስ ብሉሬይ?

አስፈሪ ፊልም ለሚሰበስብ ሰው የድሮው የቪዲዮ ካሴትም፣ ጥራት ያለው የፊልም ዲስክ የሆነው ብሉሬይም ደስ ይላሉ፤ ደስታቸው ግን ለየቅል ነው። የጆርጅ ሮሜሮን «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ» እንውሰድ። በ1968 (በፈረንጆቹ) ሲወጣ፣ ርዕሱ ሲቀየር የቅጂ መብት ማስታወቂያው አብሮ ተዘለለና ፊልሙ ማንም ሊያባዛው የሚችል የሕዝብ ሀብት ሆነ። ስለዚህ ካሴቱን ብዙዎች አባዙት። አንዱ ደብዝዟል፣ ሌላው ድምፁ ይንሿሿል፣ ሽፋናቸውም አይመሳሰልም። ለእኔ ይሄ ሀብት ነው! ካሴቱ ማጫወቻው ውስጥ ቋ ብሎ ሲገባ፣ ምስሉ ትንሽ ሲንቀጠቀጥ፣ ፊልሙ ሳይጀምር ልቤ ይመታል። ችግሩ ቴፑ ይሻግታል፤ ማጫወቻም እንደ ልብ አይገኝም።

ክራይቴሪዮን የተባለው የፊልም አሳታሚ ድርጅት ብሉሬይ በ2018 የወጣው ፊልሙ ከተቀረፀበት ከዋናው ኔጋቲቭ ታድሶ ነው። ጥቁሩ ጥቁር፣ ነጩ ነጭ። የመሪ ተዋናዩ የዱዋን ጆንስ ፊት ጥርት ብሎ ይታያል። ለማየት ብሉሬዩን፣ ለመደርደሪያዬ ግን ካሴቱን እመርጣለሁ።