ስቶሪቦርዳችንን ላየችልን እህታችን፦ ምስጋና እና ጥቆማ

ይህን የምጽፈው አንዲት ባለሙያን ላመሰግን ነው። አጭር የአኒሜሽን ፊልም ለመሥራት የተነሳችሁ ተማሪዎች ካላችሁም እሷን እንድታገኟት ልጠቁማችሁ። ሥራዋ ስቶሪቦርድ መሳል ነው፤ ፊልሙ ከመሠራቱ በፊት ታሪኩን በተከታታይ ሥዕሎች ማሳየት ማለት ነው። ከሥራዋ ጎን ለጎን የተማሪ ቡድኖችን ቅድመ ዝግጅት እያየች አስተያየት ትሰጣለች። ስሟን ሳላስፈቅድ አደባባይ ላወጣው አልፈለግኩም። የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ጠይቄያት አገናኛችኋለሁ።

እኛ አምስት ነን። ስክሪፕቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሁለቱ ገጸ ባህሪዎቹን ይስላሉ። አንዷ የጀርባ ሥዕሎቹን ትሠራለች፣ አንዱ ደግሞ ድምፅና ኤዲቲንግ ላይ ነው። ታሪኩ ቀላል ነው። ጃንጥላ የሚጠግን ሽማግሌ አለ። አንዲት ትንሽ ልጅ ቀዳዳው የበዛ ጃንጥላ ይዛ ሱቁ ትገባለች። ሽማግሌው መርፌውን ሲያነሳ ትከለክለዋለች። ለካ ማታ ማታ ጃንጥላውን ዘርግታ ከሥሩ ትቀመጣለች። የመንገዱ መብራት በቀዳዳዎቹ ሲገባ እሷ የምታየው ኮከብ ነው።

ወደ እሷ ስንሄድ ቅድመ ዝግጅቱን የጨረስን መስሎን ነበር። የ6 ደቂቃ ስክሪፕት ነበረን፣ ስቶሪቦርዱም ተስሎ አልቋል። የፈለግነው «ጥሩ ነው፣ ቀጥሉ» እንድትለን ብቻ ነበር።

እሷ ግን ሥዕሎቹን በሙሉ ግድግዳ ላይ እንድንለጥፍ ነገረችን። እኔ ማስረዳት ስጀምር በትህትና አስቆመችኝ። «ፊልሙን የሚያየው ሰው አንተን አጠገቡ አያገኝህም» አለች። ከዚያ እሷ ራሷ ከመጀመሪያው ሥዕል ተነስታ የምታየውን ጮክ ብላ መተረክ ጀመረች። እኛ ዝም ብለን አዳመጥን።

አራተኛው ሥዕል ላይ ስትደርስ «ሰውየው ልጅቷን እያባረራት ነው?» ብላ ጠየቀች። እያባረራት አልነበረም። ስክሪፕቱ ላይ «በስጋት እጁን ይዘረጋል» ነው የሚለው። የሳልነው እጅ ግን በእርግጥም «ውጪ» የሚል እጅ ነበር። ሦስት ሥዕል አልፋ ደግሞ «አሁን ልጅቷ ጀርባዋን ሰጥታው ወጣች ማለት ነው?» አለች። አልወጣችም፣ እያወሩ ነው። ግን በአንዱ ሾት (ካሜራው ሳይቋረጥ በሚያሳየው አንድ ቁራጭ) ልጅቷ ወደ ቀኝ ታያለች፣ በሚቀጥለው ሾት ሽማግሌውም ወደ ቀኝ ያያል። ሁለቱ ሰዎች የሚተያዩ ሳይሆን ሁለቱም ሌላ ሦስተኛ ነገር የሚያዩ ይመስላሉ። በሁለቱ መካከል አንድ መስመር እንዳለ አስቡ አለችን። ካሜራው ከመስመሩ በአንድ ወገን ባለው 180 ዲግሪ ውስጥ ከቆየ፣ ማን ወደ ማን እንደሚያይ ተመልካቹ አይጠፋውም። እኛ ሳናውቀው መስመሩን ሦስት ጊዜ ተሻግረናል። ሥዕሎቹን እንደገና ለመሳል ከግማሽ ሰዓት በላይ አልፈጀብንም።

ያን ግማሽ ሰዓት አሁንም አስበዋለሁ። ስህተቱን ያገኘነው ሾቶቹ ተንቀሳቅሰው፣ ቀለም ገብቶላቸው ካለቁ በኋላ ቢሆን ኖሮ ስንት ሳምንት ይበላን ነበር!

ቀጥላ ሒሳብ አሠራችን። ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም፣ ማለትም 24 ነጠላ ምስል ነው። አንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም ብታቆዩት እንኳ ለአንድ ሰከንድ 12 ሥዕል ያስፈልጋል። 6 ደቂቃ 360 ሰከንድ ነው። ለአንድ ገጸ ባህሪ ብቻ 4,320 ሥዕል ማለት ነው። ሁለቱ ሰዓሊዎቻችን በቀን 25፣ 25 ቢጨርሱ ያለ አንድ ቀን ዕረፍት 87 ቀን ይፈጅባቸዋል። ፊልሙ ላይ ያሉት ደግሞ ሁለት ሰዎች ናቸው። እርግጥ ሳይንቀሳቀስ የሚቆይ ምስል ስለሚኖር ቁጥሩ ይቀንሳል። ቢሆንም ክፍሉ ውስጥ ለጥቂት ጊዜ የተናገረ ሰው አልነበረም። ይህን ስሌት ቀድመን መሥራት የነበረብን እኛ ነበርን።

የምስጋናዬ ትልቁ ምክንያት ግን ሌላ ነው። ወደ እሷ ስንሄድ ሁለቱ ሰዓሊዎቻችን ተኳርፈው ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስለ ጃንጥላው ተጨቃጭቀዋል። አንደኛው 14 እራፊ የተጣፈበት፣ እያንዳንዱ እራፊ የራሱ ጥለት ያለው ጃንጥላ ስሏል። በጣም ያምራል። ሌላኛዋ «ይህ አይንቀሳቀስም» ትላለች። እሱ ሥራውን የናቀችበት መሰለው። እሷ ደግሞ የሚሰማት አጣች። እኛ ሦስታችን መሃል ገብተን ከማስታረቅ ይልቅ ዝምታን መረጥን።

እህታችን ማን ልክ እንደሆነ አልፈረደችም። ሁለቱን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀቻቸው። ጃንጥላው ሲከፈት የሚያሳይ አንድ ሰከንድ፣ 12 ሥዕል፣ ሥሩ። ግን እሱ የእሷን ንድፍ ይሳል፣ እሷ የእሱን። 14 እራፊ በ12 ሥዕል 168 እራፊ ነው፣ በአንድ ሰከንድ። ሰዓሊዋ ያንን ስላ ስትመጣ ግን ያወራችው ስለ ድካሙ አልነበረም። ከእራፊዎቹ መካከል የትኞቹ ሲንቀሳቀሱ እንደሚያምሩ ነው ያሳየችው። እሱም የእሷ ንድፍ ሲከፈት ቅርጹ እንዴት ጥርት ብሎ እንደሚታይ አየ። ጃንጥላው አሁን አምስት እራፊ አለው። የወሰኑት እነሱ ናቸው፣ አብረው። ሞዴል ሺቱን (ሁሉም አንድ ዓይነት እንዲስል የሚታየውን የመነሻ ሥዕል) ሠርተው ያመጡት በአንድ ወረቀት ላይ ነው። ያን ወረቀት ሳይ ምን ያህል ደስ እንዳለኝ ልነግራችሁ አልችልም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በስብሰባ ላይ የምንከተለውን ደንብ የሰጠችንም እሷ ናት። አስተያየት ስትሰጡ መጀመሪያ ያያችሁትን ተናገሩ። ቀጥሎ ያልገባችሁን ተናገሩ። መፍትሔውን ለሳለው ሰው ተዉለት። «እኔ ብሆን እንዲህ ነበር የማደርገው» የሚል ንግግር ከመካከላችን ጠፍቷል።

ፋይል አሰያየምንም አስተካክላልናለች። በፊት «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ አዲሱ» የሚሉ ፋይሎች ሞልተውን ነበር። አሁን የትዕይንቱ ቁጥር፣ የሾቱ ቁጥር፣ የቅጂው ቁጥር ብቻ ነው። ፕሮግራም ግዙም አላለችንም። ክሪታ እና ብሌንደር ነፃ ናቸው፣ በእነሱ እየሠራን ነው።

ሁለተኛው ቀጠሯችን አኒማቲኩን ለማየት ነበር። ለማታውቁት፣ አኒማቲክ ማለት የስቶሪቦርዱን ሥዕሎች በትክክለኛ ጊዜያቸው ደርድሮ ጊዜያዊ ድምፅ መጨመር ነው። ድምፁን የቀዳነው ራሳችን በስልክ ነው። እሷ መጀመሪያ ድምፁን ዘግታ አየችው። ቀጥላ ዓይኗን ጨፍና አዳመጠችው። ሦስተኛ ላይ ነው አንድ ላይ ያየችው። ከተማዋ ከእንቅልፏ ስትነቃ የሚያሳየውን መክፈቻ፣ 50 ሰከንድ የሚሆነውን፣ ስታይ «ይህ ባይኖር ታሪኩ የቱ ጋ ይሰበራል?» ብላ ጠየቀችኝ። የትም። ከሁሉም አስቀድሜ የጻፍኩት እሱን ነበር፣ ስወደውም ነበር። ራሴ ከግድግዳው ላይ ነቀልኩት።

ስቶሪቦርድ በፈረንጆቹ 1930ዎቹ መጀመሪያ በዋልት ዲዝኒ ስቱዲዮ ሲለመድ፣ ሥዕሎቹ ሰሌዳ ላይ የሚሰኩት ሁሉም እንዲያያቸው፣ ቦታቸው እንዲቀያየር፣ የማይሆነውም እንዲነቀል ነበር። ይህን ድሮ ሳነብ እንደ ታሪክ ብቻ ነበር ያለፍኩት። ያን ቀን እጄ ላይ ያቺ ወረቀት ስትቀር ነው የገባኝ። ፊልማችን አሁን 3 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ነው።

ልታገኟት ለምትፈልጉ ጥቂት ነገር ልንገራችሁ። እሷ አትስልላችሁም። የእኛን አንድም ሥዕል በእጇ አልነካችም፣ ጠይቀናትም እምቢ ብላለች። የሚስልላችሁ ሰው ከፈለጋችሁ ሌላ ፈልጉ። ቃሏም አይለሳለስም፣ ግን ሥራውን እንጂ ሰውን አትነካም። አስተያየቷን በጽሑፍ ትልካለች፣ ባለችው ቀን ነው የሚደርሰው። ስትሄዱ ስክሪፕታችሁን፣ ስቶሪቦርዳችሁን (ጭረት ቢሆንም ችግር የለውም) እና የቀራችሁን ጊዜ ይዛችሁ ሂዱ። ደግሞ ሁላችሁም ሂዱ። አንድ ሰው ተወክሎ ቢመጣ ቀጠሮውን ታዛውረዋለች። መጀመሪያ ይህ ነገር ከብዶን ነበር። አሁን ግን ሁለቱ ሰዓሊዎቻችን ያን ቀን አብረው ባይመጡ ኖሮ ቡድኑ ይበተን እንደነበር አምናለሁ።

አንድ ያልወሰነችልን ነገር ነበር። ሾት 31። ልጅቷ ከሄደች በኋላ ሽማግሌው ብቻውን ቀና ብሎ የሚያይበት ነው። 9 ሰከንድ ምንም አይንቀሳቀስም። ይቆረጥ ወይ ስንላት «እኔ ከቆረጥኩት ፊልሙ የእኔ ይሆናል። ተማከሩበት» ብላ ተወችው።

እህታችን፣ ይህ ጽሑፍ ከደረሰሽ፣ አምስታችንም ተማክረንበታል። አልቆረጥነውም። 9 ሰከንዱን 4 አድርገነዋል፣ የዝናቡንም ድምፅ ከሾቱ ቀደም ብለን አቁመነዋል። አዲሱን አኒማቲክ ዛሬ ማታ ልከንልሻል። እናመሰግንሻለን።